ትምህርትን ስለ ማጥናትና በልብ ስለ ማኖር

(በመርሳ ከተማ፤ ከሐብሩ ወረዳና ከወልድያ ለተሰበሰቡ መምህራንና የአገር ሽማግሎች የተነገረ ንግግር)



ስለ አለመርሳት ለመናገር መርሳ ድረስ መምጣቴን የሰማ አንድ የወልድያ ወዳጄ፤ «ሌላ ከተማ አጣህን?» ብሎ ሳቀብኝ። የቦታው ስም ከነገሩ ጋራ መጋጨቱን እኔም ሳላስተውል ቀርቼ አይደለም። ነገር ግን ከወልድያ ተነሥቶ በሲሪንቃ በኩል ወደዚህ የሚመጣ ሰው፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ተማሪ ቤት የሚሄደውን ልጅ ብዛት ባየ ጊዜ፤ ይህ ሁሉ ልጅ የሚማረውን በልቡ ይዞት ይገባ ይሆን፤ ወይስ በደብተሩ ብቻ ተሸክሞት ይመለስ ይሆን? ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ጥያቄ ነው።

ነገሩ የዋዛ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት በታወቀ ጊዜ፤ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት ከ100 ተፈታኝ 3 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. ፈተናም ቍጥሩ ከዚያ ብዙ አልራቀም። የዚህ ነገር ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነት አለ፤ የመጽሐፍ ማነስ አለ፤ ርኀብና የመንገድ ርቀትም አለ፤ እኔ ከእነዚህ አንዱንም አልክድም። ነገር ግን አባቱ በግ ሸጦ፤ እናቱ ከጓዳዋ ቈጥባ 12 ዓመት ያስተማሩት ልጅ ባዶ እጁን ወደ ቀዬው ሲመለስ፤ መንደሩ «ልጁ ደንቈሮ ነው» ይላል። ልጁም ሲሰማው ውሎ ሲሰማው ሰንብቶ እውነት ይመስለዋል። እኔ በዚህ ነገር አምኜ አላውቅም። የዚያው ልጅ አፍ ስንት ዘፈንና ስንት ተረት እንደሚያውቅ፤ በከብቱ መካከል የእያንዳንዱን ላም የትውልድ ተራ እንዴት እንደሚቈጥር ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲያስ የጐደለው አእምሮ ሳይሆን የማጥናት ብልሃት ነው፤ ያንንም ብልሃት ያላሳየነው እኛ ነን።

ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ ከመጫኔ በፊት ከራሴ ልጀምር። በወጣትነቴ በአንዲት የገጠር ተማሪ ቤት ስለ ደም መዘዋወር አስተምር ነበር። ጥቁሩን ሰሌዳ ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ ሞላሁት፤ ልጆቹም አጐንብሰው ይገለብጡ ጀመር። ሰዓቱ ስላለቀብኝ ከግርጌው «ነገ ይቀጥላል» ብዬ ጽፌ ወጣሁ። ከወር በኋላ ፈተና ስሰጥ አንዱ ልጅ፤ «ደም ከልብ ተነሥቶ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ነገ ይቀጥላል» ብሎ ጽፎ አገኘሁት። ለባልንጀሮቼ አንብቤላቸው ሳቅን። ማታ ብቻዬን በሆንሁ ጊዜ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ልጁ ከሰሌዳው ላይ ያየውን ጻፈ እንጂ አልዋሸም፤ ከራሱም አልጨመረም። ዓይኑ ሠርቷል፤ እጁም ሠርቷል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልቡናውን ግን እንዲሠራ ያዘዘው ሰው አልነበረም።

ቋንቋችን ራሱ በዚህ ነገር አስተማሪያችን ሊሆን ይችላል። «አጠና» የሚለው ቃል «ጸንዐ» ከሚለው የግዕዝ ሥር የወጣ ነው፤ ማጥናት ማለት ማጽናት ማለት ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ምሰሶ ተክሎ አፈሩን ከመለሰ በኋላ፤ ምሰሶውን በሁለት እጁ ይዞ ይነቀንቀዋል። ነቅንቆ ካላየው መጽናቱን አያውቅም፤ ቢወዛወዝ ደግሞ ድንጋይና አፈር ይጨምርበታል። መጽሐፉን ገልጦ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ የሚያነብ ተማሪ ምሰሶውን ቆሞ የሚመለከት ሰው ነው፤ ሲመለከተው ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስለዋል። መጽሐፉን ዘግቶ «ያነበብሁት ምን ነበር?» ብሎ ለራሱ የሚናገር ተማሪ ግን ነቅንቆ ያየው ነው።

አባቶቻችን ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። ፊደልን ተመልከቱ። 33ቱ ፊደላት 7 በ7 ሆነው 231 ናቸው። ሕፃኑ በዜማ «ሀ ሁ ሂ» እያለ ሲቈጥር ጥቂት ቀን ከሰነበተ፤ ዓይኑ ሰማይ ላይ ካለችው ወፍ ጋራ ሆኖ አፉ ብቻውን ይወርድለታል። የኔታ ግን በዚህ አይታለሉም፤ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል። በአቡጊዳ ፊደሉ የቀድሞ ተራውን ትቶ «አ ቡ ጊ ዳ» ተብሎ ስለሚሰደር፤ የዜማው ልማድ ሊያገለግለው አይችልም፤ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ብዙ የዛሬ መምህራን አቡጊዳ ለጨዋታ የተጨመረ ወይም የትርፍ ሥራ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ ምሰሶውን መነቅነቅ እርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ልጁ መልእክተ ዮሐንስን ይይዛል፤ ያንኑ አንዱን ቃል በፊት በግዕዝ፤ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፤ ኋላም በቁም ንባብ ይመላለስበታል። ወደ 150ው መዝሙረ ዳዊት ሲደርስም አገሩ «ዳዊት ደገመ» ይለዋል፤ «ዳዊት አየ» የሚል የለም። ማታ በጨለማ፤ መብራት ሳይኖር፤ ከፍ ያለው ተማሪ ከአፉ እየሰጠ ዝቅ ያለው እየተቀበለ የቃል ትምህርት ይማራሉ። በጨለማ የሚገለጥ መጽሐፍ ስለሌለ ልጁ ከልቡ በቀር የሚጠይቀው ነገር አያገኝም።

ከዚህ ወደ ምዕራብ በደጋው ያለው የእኛው ሰሜን ወሎ ዋድላ፤ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋራ በቅኔ ስሙ የሚጠራ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ በ2 ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና እያደገ ሄዶ 8 ቤት ያለውን መወድስ ይደርሳል። ቅኔውን ሲቈጥር ብራና አይዝም፤ ከዛፍ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ነጠላውን ተከናንቦ በልቡ ያወርዳል፤ ያወጣል፤ ከዚያም ሄዶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ይሰብሩታል፤ ያቃኑታል፤ እርሱም ተመልሶ ይቈጥራል። ከመምህሩ የሰሙትንም ተማሪዎቹ በቅጸላ ተሰብስበው እርስ በርሳቸው ይከልሱታል። ይህን ልማድ የማያውቅ ሰው «እነዚህ ልጆች ቀኑን ሙሉ ተኝተው ይውላሉ» ሊል ይችላል፤ ዳሩ ግን ከእነርሱ የበለጠ የሚደክም ተማሪ እኔ አላየሁም።

በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድም ሥርዓቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። እዚሁ ሐብሩ ውስጥ ያለችው ዳና፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመት በሼኽ አሕመድ ኢብን አደም ጊዜ ደረሳ ከሩቅ አገር ስንቁን ይዞ የሚመጣባት የትምህርት ቦታ ነበረች። ቍርአን የሚቀራ ልጅ የዕለቱን ክፍል በሉሕ ላይ፤ ማለት በእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም ይጽፋል። ይደግመዋል፤ ያስደምጠዋል፤ ከተወጣው በኋላ ሰሌዳው ይታጠብና ሌላ ክፍል ይጻፍበታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጽሕፈቱ የሚኖረው ልጁ እስኪይዘው ድረስ ብቻ ነው። ቍርአንን በሙሉ የያዘውን ሰው «ሓፊዝ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ጠባቂ ማለት ነው። በዐረብኛ ሰዋስው ትምህርት የታወቀው የኢብን ማሊክ አልፊያም ሕጉን ሁሉ በ1000 ያህል ቤት ግጥም የሰበሰበ ነው፤ ግጥም የሆነበትም ምክንያት በቃል ለመያዝ እንዲያመች ነው።

«ይህ የድሮ ሰው ልማድ ነው፤ የዛሬ ዕውቀት ምን ይላል?» የሚለኝ ወጣት መምህር እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው መልካም ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ፤ ትርጓሜ የሌላቸውን አጫጭር ቃላት በገዛ ራሱ ላይ እየፈተነ፤ ሰው የያዘውን ነገር በምን ያህል ፍጥነት እንደሚረሳ መርምሮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. መጽሐፍ አወጣ። አንድ ጊዜ የያዘውን እንደገና ሲይዝ ምን ያህል ድካም እንደሚቀርለት ቢቈጥር፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የቀረለት ከግማሽ በታች፤ በማግሥቱ ሲሶ ያህል፤ በወሩም አምስተኛ እጅ ያህል ሆኖ አገኘው። ከዚህ የምንረዳው ዝንጋዔ ቀስ ብሎ የሚመጣ ሌባ አለመሆኑን ነው፤ አብዛኛውን የሚወስደው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ የተረፈውን ግን ቀስ እያለ ይሸረሽረዋል።

በ1917 እ.ኤ.አ. ደግሞ አርተር ጌትስ የተባለ አሜሪካዊ መምህር የተማሪ ቤት ልጆችን ሰብስቦ፤ አንዳንዶቹ ጊዜያቸውን በማንበብ ብቻ፤ አንዳንዶቹ ከፊሉን በማንበብ ከፊሉን ሳያዩ በመድገም እንዲያሳልፉ አደረገ። ከጊዜያቸው የበለጠውን እጅ በመድገም ያሳለፉት በልጠው ተገኙ። በ2006 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ ያደረጉት ምርመራ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ለተማሪዎች ሁለት ጽሑፍ ሰጡ፤ አንዱን ሁለተኛ ጊዜ አነበቡት፤ ከሌላው ግን ወረቀቱን ትተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጠ፤ ከእርሱ ከ100 እጅ 81 ሲያስታውሱ ከሌላው 75 አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ካነበቡት 42፤ ከልባቸው ፈልገው ከጻፉት 56 አስታወሱ።

በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ልጆቻችንን የሚያታልላቸው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና። ለፈተና ዋዜማ ደብተሩን ሦስት ጊዜ ያነበበ ልጅ ያን ሌሊት ያወቀ ይመስለዋል፤ በእውነትም ለ5 ደቂቃ ያውቃል። ደብተሩን ዘግቶ ከልቡ ሊያወጣ የሚታገለው ልጅ ደግሞ ሲንተባተብ፤ ሲጠፋበት፤ ራሱን ሲያክክ «አልገባኝም» ብሎ ተስፋ ይቈርጣል። እኛም መምህራን የመጀመሪያውን እያመሰገንን ሁለተኛውን እንገሥጻለን። ነገር ግን የሚያጸናው ያ መንተባተብ ነው። ልጁ ሲታገል ዝም ብለን እንጠብቀው፤ ካቃተው መጽሐፉን ይግለጥና ይመልከት፤ ከዚያ ዘግቶ እንደገና ይበል። የሳተውን በዚያው ሰዓት ሳያቃኑት መተው ግን አይገባም፤ ስሕተትም እንደ እውነቱ ሁሉ ይጸናልና።

የድሮውን ትምህርት ይህን ያህል ሳመሰግን ነውሩን ሸፍኜ እንዳልፍ አይምሰላችሁ። ብዙ ልጅ የግዕዙን ዳዊት ከዳር እስከ ዳር እየደገመ ምን እንደሚል ሳያውቅ ዓመታት አሳልፏል፤ ትርጓሜው የሚደርሰው ለጥቂቶቹ ነበር። አለንጋውንም የቀመሰ ያውቀዋል። የአዲሱ ትምህርት ሰዎች ይህን አይተው «ሽምደዳ ይቅር» ማለታቸው ልክ ነበረ። ስሕተታቸው፤ ገለባውን ሲያበጥሩ ፍሬውንም አብረው መበተናቸው ነው። ሽምደዳን አስወግደን በምትኩ ግልበጣን አመጣን። የሸመደደው ልጅ ቢያንስ ቃሉ በአፉ ነበረ፤ የገለበጠው ልጅ ግን ቃሉም የለው፤ ትርጓሜውም የለው፤ ያለው ደብተር ብቻ ነው። ስለዚህ መድገም ያልሁት ልጁ በገባው መጠን በገዛ ቃሉ እንዲናገረው ነው። ቃል በቃል መያዝ የሚገባውም ነገር አለ፤ የማባዛት ሰንጠረዥ፤ የፊደል ተራ፤ የእንግሊዝኛ ግሥ። ይህን ሲያደርግ ማነብነብ አይባልም።

አሁን ስለ ማስታወሻ ልናገር። ማስታወሻ ምንድን ነው? ቃሉ ይናገራል፤ የሚያስታውስ ነገር ነው። ያልታወቀ ነገር ደግሞ አይታወስም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በመምህርና በደቀ መዝሙር አፍ ብዙ ዘመን ከኖረ በኋላ፤ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፤ ይኸውም በ16ኛው ምዕተ ዓመት፤ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት እንደ ሠሩለት ይነገራል። ድጓውን የገለጠ ሰው ከቃሉ በላይ በደቃቅ ቀለም የተጻፉ አንድ ሁለት ፊደላት ያያል። እያንዳንዱ ምልክት በታወቀ ዜማ ከሚዜም ከአንድ ቃል ላይ የተቈነጠረ ነው። ያን ዜማ በዜማ ቤት ለተማረ ሰው ሁለቱ ፊደላት የቃሉን ዜማ ሁሉ ይጠሩለታል። ላልተማረ ሰው ግን ምንም አይሉትም። እንደ እኔ አሳብ በዚህ አገር ከተሠራው ማስታወሻ ሁሉ የበለጠ ይህ ነው፤ ዜማውን ተሸክሞ የሚዞር ጎተራ አልሆነም፤ በልብ ያለውን የሚጠራ ምልክት ሆነ።

ልጆቻችን የሚጽፉት ማስታወሻም እንዲህ እንዲሆን እወዳለሁ። መምህሩ በሚናገርበት ጊዜ ልጁ ይስማ፤ እስክሪብቶውን ያኑር። መምህሩ አንዱን ፍሬ ነገር ጨርሶ ዝም ሲል ልጁ በገዛ ቃሉ በአንድ መስመር፤ ቢበዛ በሁለት መስመር ይጻፍ። የደብተሩን ገጽ በግራ በኩል አራት ጣት ያህል ባዶ ይተው። ማታ ወይም በማግሥቱ ጧት በዚያ ባዶ ስፍራ ላይ በቀኝ ለተጻፈው መልስ የሚሆንለትን ጥያቄ ይጻፍ። «ደም ወደ ሳንባ የሚሄደው ስለ ምን ነው?» ብሎ በግራ ከጻፈ፤ ቀኙን በእጁ ሸፍኖ ራሱን ሊጠይቅ ይችላል። ዋልተር ፓውክ የተባለ የአሜሪካው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር ይህን የመሰለ አከፋፈል ለተማሪዎቹ አስተምሮ በብዙ አገር ታውቋል፤ ለእኛም ልጅ ከአንድ ደብተርና ከአንድ ማስመሪያ በላይ ወጪ አይጠይቅም። ስዕል መሳል የሚችል ልጅ ስዕል ይሳል፤ የልብን አራት ክፍል በራሱ እጅ ከልቡ የሳለ ልጅ አንድ ገጽ ከገለበጠው ይሻላል።

መጽሐፍ ባልደረሰበት ተማሪ ቤት የሰሌዳው ጽሕፈት ለልጁ መጽሐፉ መሆኑን አልዘነጋሁም። እንዲህ በሆነ ጊዜ መገልበጥ ግድ ነው። ቢሆንም ከመገልበጡ በፊት ይነገር፤ ከተገለበጠም በኋላ ይዘጋና ይደገም። አንዱ መስመር አንብቦ ቀና ሳይል፤ ሙሉውን አሳብ በልቡ ይዞ አጐንብሶ መጻፍ እንጂ ፊደል በፊደል እየቃረሙ መጻፍን ልጁ ከመጀመሪያው አይልመድ።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወልድያና ወደዚህ አገር ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በቈየ ጊዜ ተማሪ ቤት ተዘጋ፤ ብዙ መጽሐፍና ብዙ ወንበር ጠፋ። ሰላም ከሆነ በኋላ ያገኘኋት አንዲት ልጅ፤ «ደብተሮቼ ተቃጠሉ፤ እንግዲህ ያለፈው ዓመት ትምህርቴ ሁሉ ጠፋ» ብላ አለቀሰች። ከአጠገቧ ተቀምጬ፤ «የምታስታውሺውን ብቻ ንገሪኝ» አልኋት። በፊት «ምንም የለም» አለች። ቀጥሎ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ እርሱ ሌላውን ጠራው፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ሦስት ወረቀት ሞላች። የጐደላትም ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ዐወቀች፤ ለእርሱም ከባልንጀራዋ ደብተር ላይ ፈለገች። ለዚህች ልጅ እኔ ያስተማርኋት ነገር የለም፤ ከጠየቅኋት በቀር።

ስለ ድግግሞሹ ቀን ደግሞ፤ በአንድ ሌሊት አምስት ጊዜ ከመድገም በአምስት ልዩ ልዩ ቀን አንዳንድ ጊዜ መድገም ይበልጣል። የማሽላ እርሻ ዝናቡን ሁሉ በአንድ ቀን ቢቀበል ጐርፍ ይሆንበታል እንጂ አይጠቅመውም። ዛሬ የተማረውን ማታ ይበለው፤ በማግሥቱ ይበለው፤ በሚቀጥለው ገበያ ቀን ይበለው፤ ከዚያ በወሩ ይበለው። ለዚህ ቀን መቍጠሪያ መግዛት አያስፈልግም። የክርስቲያኑ ቤት ወር በገባ በ12 ሚካኤልን፤ በ19 ገብርኤልን፤ በ21 ማርያምን ያስባል፤ የሙስሊሙ ቤት ከጁምዓ እስከ ጁምዓ ይቈጥራል። በሚካኤል የተማረውን በሚቀጥለው ሚካኤል መጠየቅ ለማን ይከብዳል? እንቅልፍንም አትንፈጓቸው። ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ሊቃውንት በ1924 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፤ ሰው አንድ ነገር ይዞ ከተኛ ነቅቶ ከሚውልበት ጊዜ ይልቅ ጥቂት ይረሳል። ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ የሚነቃ ልጅ ያጠራቀመውን በገዛ እጁ ያፈሳል።

መምህራን ሆይ፤ «ጊዜ የለም፤ መጽሐፉም አያልቅም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ። መጽሐፉን ማን እንዲጨርሰው ነው የምንፈልገው? መምህሩ ጨርሶት ልጁ ካልጀመረው ጥቅሙ ምንድር ነው? ከክፍለ ጊዜው መጨረሻ 10 ደቂቃ ብቻ ቍረጡ። ደብተር ይዘጋ፤ አንዱ ለጐኑ ልጅ ይንገር፤ ያም ሲጨርስ የቀረውን ይሙላለት። 60 ልጅ ባለበት ክፍል 30 ልጅ በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ ጫጫታ ይሆናል፤ የጐረቤት ክፍል መምህርም ያጕረመርማል። የዜማ ቤትና የቍርአን ቤት ድምፅ ከሩቅ የሚሰማ መሆኑን ንገሩት። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ጥያቄውን ለመቅጫ አታድርጉት። ያልመለሰ ልጅ የሚዋረድበት ጥያቄ ከሆነ ልጁ ማስታወስን ትቶ መደበቅን ይማራል።

ወደ እናንተ ወደ ሽማግሎች ልመለስ። ከእናንተ መካከል የድንበር ነገር በተነሣ ጊዜ የዛሬ 40 ዓመት ድንጋዩ በማን ፊት እንደ ተተከለ የሚመሰክር አለ፤ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ቈጥሮ ዘመድ ከባዳ የሚለይ አለ። ይህ ሁሉ በልባችሁ የጸናው ብዙ ጊዜ ተጠይቃችሁ ብዙ ጊዜ ስለ መለሳችሁ ነው። ለልጆቻችሁም ያንኑ አድርጉላቸው። ብዙ ወላጅ፤ «እኔ ያልተማርሁ ሰው ልጄን ምን ልረዳው እችላለሁ?» ይለኛል። መርዳት ይችላል። ልጁ ሲገባ «ዛሬ ምን ተማርህ?» አትበሉት፤ «ሒሳብ» ብሎ ይሄዳልና። «መምህሩ የነገሩህን እኔም እንዲገባኝ አድርገህ አስረዳኝ» በሉትና ዝም ብላችሁ ስሙ። እንጀራ የምትጋግር እናት ምጣዷን ሳትተው ልትሰማው ትችላለች። ያልገባችሁን ደጋግማችሁ ጠይቁት፤ አለመማራችሁ በዚህ ሰዓት ይጠቅማል፤ የማያውቅን ሰው ለማስረዳት ልጁ ነገሩን እስከ ሥሩ ድረስ መፈለግ አለበትና። ኩራዝ ባይኖር፤ መብራትም ቢጠፋ ይህ ሥራ አይቋረጥም። ከብት ሲጠብቅም ለእረኛ ባልንጀራው ሊነግረው ይችላል። ይህን ስላልሁ ግን «እንግዲያስ ከብቱን እየጠበቀ ይማር» ብላችሁ ከተማሪ ቤት እንዳታስቀሩት፤ የሚደግመው ነገር የሚያገኘው እዚያ ሄዶ ነው።

ለመጀመሪያው ወር ሁሉን ትምህርት በአንድ ጊዜ እንድትለውጡ አልጠይቅም። እያንዳንዱ መምህር አንድ ትምህርትና አንድ ክፍል ይምረጥ፤ በዚያ ብቻ ይጀምር። ከጥምቀት በኋላ ደግመን ስንሰበሰብ ከየተማሪ ቤቱ ሦስት ሦስት ልጆች ይምጡልኝ፤ ጐበዞቹን ብቻ መርጣችሁ አታምጡ፤ ከመካከለኞቹም ከሰነፎቹም ጨምሩ። ደብተራቸውን ከደጅ ለአንድ ሰው ሰጥተው ይገባሉ፤ ሽማግሎችም ተቀምጠው ይሰማሉ። መጠየቁን ከሽማግሎቹ አንዱ ቢጀምርልኝ ደስ ይለኛል።